ለማጨብጨብ ሁለት እጅ

በፊጂ፣ ላውቶካ ከተማ ባለው ፋብሪካ ጄሪካን የሚሠራው በትንፋሽ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። የቀለጠ ፕላስቲክ ውስጡ ባዶ ሆኖ እንደ አንጀት ከላይ ይንጠለጠላል፤ ሁለት የብረት ቅርጾች ከግራና ከቀኝ መጥተው ግጥም ይሉበትና ታቹን ይቆነጥጡታል፤ ከዚያ አየር ይነፋበታል። ተነፍቶ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ይበርዳል፣ ቅርጹ ሲከፈት ጄሪካን ሆኖ ይወጣል። ኡናይሲ ትርፉን ጠርዝ በቢላዋ እየከረከመች ዓመታት ኖራለች።

የማሽኑ በር ከተከፈተ ማሽኑ መቆም አለበት። ሥራ አስኪያጁ ግን የቆመ ማሽን ሲያይ ደሙ ይፈላል። ስለዚህ የፈረቃው አለቃ ኢሶአ፣ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ፣ የበሩን መዘጋት የሚጠብቀው መሣሪያ ላይ ማግኔት ለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፍቶም ማሽኑ የተዘጋ እየመሰለው ይሠራል።

ኢሶአ ለኡናይሲ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። በፊጂ እንዲህ ያሉ የአጎትና የአክስት ልጆች ካልተሰዳደቡ ተኳርፈዋል ማለት ነው። አንድ ቀን በተከፈተው በር እጇን አስገብታ የተጣበቀ ጄሪካን እንድታወጣ አዘዛት። «ቢቆርጠኝስ?» አለችው።

«ያንቺን እጅ ማን ይፈልገዋል? ካሳቫ እንኳ በቅጡ አይልጥም» አላት።

ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ብረቱ ገጠመ፤ ቀኝ እጇ ከአንጓው ጀምሮ እዚያው ቀረ።

ፋብሪካው የራሷ ዝርክርክነት ነው አለ። ማግኔቱም በዚያው ቀን ጠፋ። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሰኞ መጥቶ ቃሏን ሊቀበል ነበር፤ ኡናይሲም ሁሉንም ተናግራ ካሳዋን ልትጠይቅ ቆርጣ ነበር። ቅዳሜ ግን የእናቷ ወገኖች የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ለይቅርታ መጡ። ሥራ አስኪያጁ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ መሃላቸው ተቀምጧል፤ ወጉን ማን እንዳስጠናው እግዜር ይወቅ። ጥርሱን የተበዳይ ወገን ከተቀበለውና ከተጨበጨበለት ነገሩ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው ዘመዶቹን የካደ ነው።

የአባቷ ታላቅ ወንድም ሴሩ ጥርሱን ተቀበለ። ቤት ሙሉ ሰው መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ወደ ተበዳይዋ ዞሩ፤ የቀረው የእሷ ጭብጨባ ነበር። ኡናይሲ በምን ታጨብጭብ?

ኢሶአ እያለቀሰ በጉልበቱ ዳኸና፣ እሱ ላይ እንድታጨበጭብ ቀኝ መዳፉን ዘረጋላት። አምስቱም ጣቶቹ ደህና ናቸው። ኡናይሲ ግራ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

«ያንተን እጅ ማን ይፈልገዋል?» አለችው። ከልቧ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልታ አታውቅም።

 ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት አንዲት አክስቷ ፈገግ አለች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተመስገን፣ መሰዳደብ ጀመሩ፣ ታረቁ ተባለ።

«እየቀለድኩ አይደለም» ብትል ሳቁ ባሰ። እነሱ ዘንድ እንዲህ ማለትም ያው ቀልድ ነው። ሴሩ በእሷ ፋንታ አጨበጨበላት፤ ሥራ አስኪያጁም አጨበጨበ፤ ለእርቁ የሚጠጣው ካቫ የሚሉት የሥር መጠጥም ተበጠበጠ።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሴሩ ደጅ ላይ ተቀብሎ፣ ነገሩ በቤተዘመድ አልቋል ብሎ መለሰው። ኡናይሲ ጓዳ ሆና፣ ካሳቫውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ በግራ እጇ እየላጠች ሰማችው።