በፎጣ የተጠቀለለው ስልክ

«ቬሊንግቢ ውስጥ እኔን አስተርጓሚ ሳይዝ ሐኪም ዘንድ የሚገባ ሐበሻ፣ የራሱን በሽታ ጥሎ የሰው በሽታ ይዞ ነው የሚወጣው» አልኩ፣ የለቀስተኞቹን ብርጭቆ እያለቀለቅሁ።

ኩሽና ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ።

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን። «ያን ጊዜ የኔን ጨጓራ እንዴት አድርጋ እንደነገረችልኝ። እኔ ራሴ እንደዚያ አያመኝም ነበር።»

እትዬ ያለምወርቅ የደሴ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው። ሦስቱን ቀን የአክስቴ ምድጃ እንዳይለኮስ ብለው ምስርና ሽሮ ከላይ ያወርዱልናል። የክርስቲያን ሥጋ የነካው ዕቃ እንዳይሆን ድስቱን አዲስ ገዝተዋል፤ የሱቁ ወረቀት ክዳኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው።

አክስቴን ጦይባን የቀበርናት ትናንት ነበር። እሷ እያለች እዚህ ኩሽና ውስጥ እንዲህ ጮክ ብሎ የሚስቅ አልነበረም።

«አንቺ ግን» አሉ እትዬ ያለምወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሚያዝያ ላይ ጦይባን ሐኪም ዘንድ የወሰድሻት አንቺው አይደለሽ? ምኗን ነው አሏት?»

የለቀለቅሁትን ብርጭቆ መልሼ ውኃው ውስጥ ነከርኩት። «ምንም አላሏት» አልኩ።

ይኼን ስል ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ። ከስቶክሆልም ሌላኛው ጫፍ፣ ከሻርሆልመን የመጡ አንዲት ለቀስተኛ ደንግጠው «ቢስሚላህ» አሉ። ስልኩ ነው። አክስቴ ቤት ስልክ አይጮህም፤ በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ ብርድ ልብስ ሥር ይቀመጣልና ሲደወል እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። የበሩን ደወል ሽቦ ደግሞ ባሏ ጋሽ ሸረፈዲን እዚህ ቤት በገቡ ዕለት በመቀስ ቆርጦታል። እዚህ ቤት ሰው ከኋላው አይጠራም። የተኛ በድምፅ አይቀሰቀስም፤ የእግሩ አውራ ጣት ይያዝና ዓይኑን እስኪገልጥ ዝም ተብሎ ይጠበቃል። እኔ የዓለም ሕዝብ ሁሉ እንደዚህ የሚቀሰቀስ ይመስለኝ ነበር። አንዴ በትምህርት ቤት ሽርሽር አንዷን ስዊድናዊት በአውራ ጣቷ ቀስቅሼ እማዬ ተጠርታለች።

ይኼ ሁሉ የመጣው ከዘይነባ ነው።

ዘይነባ የአክስቴና የእህቷ የእማዬ ቅድመ አያት ናት። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ወሎ ውስጥ፣ ሠርጓ ላይ ድቤ ተመታ፣ ጥይት ተተኮሰ፤ ሙሽራይቱ ወደቀች። ትንፋሽ የላትም ተባለ። ሊገንዟት ሲያጥቧት ቀዝቃዛው ውኃ ነካትና ለራሷ የተቆረጠውን ከፈን ይዛ ቁጭ አለች። በዓመቱ ታናሽ እህቷ፣ ውሻ ከኋላዋ ጮኾባት ወደቀች። እሷን ውኃውም አላነቃት።

የዘይነባ አባት «ይቺንስ አላስወስድም» አለ። ደብተራ ዘንድ ወስዶ ክታብ አሳሰረላት። አልበጀም። ሃይማኖቱ ባይሆንም ጠበል ወሰዳት፤ እዚያ በሚጮኹት ሰዎች መሀል ሁለቴ ወደቀች። በበርበሬ አጠኗት። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው አራት ቀን ተጉዘው አንድ ትልቅ ሼኽ ዘንድ አደረሷት። የደረሱት ሐሙስ ማታ ነው፤ የዱዓው ጉባኤ፣ ሐድራው፣ ሞልቶ ድቤው ሊመታ ተነሥቷል። ሼኹ ጆሯቸውን በጀርባዋ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ድቤው ይውረድ» አሉ።

«ለአንዲት ልጅ ሲባል?» አሉ ደረሶቹ፣ የሼኹ ተማሪዎች።

«ለአንዲት ልጅ ሲባል ነው።»

አርባ ቀን የዚያ ቤት ዱዓ በሹክሹክታ ሆነ። በአርባኛው ቀን ሼኹ አባትየውን ጠርተው፣ «ጂን የለባትም። ነፍሷ ደንባራ ናት» አሉት። እንዳትጠሯት ከኋላ፤ እንዳትቀሰቅሷት በድምፅ፤ ድቤ ቤቷ አይግባ፤ ልጆቿም እንደዚሁ። ዘይነባ ሰማንያ ዓመት ኖራ ሼኹን ራሳቸውን ቀብራለች።

አክስቴ ስዊድን ገብታ ስልክ ከቤቷ ሲተከል ያየች ዕለት፣ «ወይ ጣጣ፣ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» አለች ይባላል።

*

በማግስቱ፣ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ሳሎኑ ሞላ። ሹክሹክታውም ሞላ።

«እንዲያው እንዳለች ወደቀች ነው የሚሉት?»

«ልብስ ልታጥብ ወርዳ። ሰኞ ነው። ያ የከተማው ጡሩንባ ሲነፋ።»

ስቶክሆልም ለጦርነት የሚሆን ሳይረን አላት። ጦርነቱ የለም፤ ሳይረኑ ግን እየሠራ መሆኑን ለማየት አንዳንድ ወር በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከየጣሪያው ይለቁታል። ስዊድኖቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። አክስቴ ቀኑን ካላንደር ላይ በቀይ ታከብበውና ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ መስኮት ዘግታ፣ ጋሽ ሸረፈዲን እጇን ይዟት ትጠብቀዋለች። በዚህ ሴፕቴምበር ግን የሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ተራ የደረሳት ለዚያው ሰኞ ነበር። ተራ ካመለጠ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። ቶሎ አውጥታ ልትመለስ ግቢውን ስታቋርጥ፣ ከነቅርጫቱ ሣሩ ላይ አገኟት። ያጠበችውን ልብስ ከሣር ላይ የለቀምኩት እኔ ነኝ። የጋሽ ሸረፈዲን ካልሲ አንዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሰው ሁሉ «የአላህ ሥራ» ሲል፣ እኔ ውስጤ የሚመላለሰው ሚያዝያ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠናል፤ ሐኪሙ፣ አክስቴ፣ እኔ። ያመጣት ደረጃ ላይ ሁለቴ መውደቋ ነው። «ከምን እንደጀመረ ይንገሩኝ» አላት ሐኪሙ። እሷም ከዘይነባ ጀመረች። ሠርጉን፣ ከፈኑን፣ ውሻውን፣ ሼኹን፣ የወረደውን ድቤ፣ ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ በድንገት የሞቱትን በየስማቸው። ሃያ ደቂቃ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ደግሞ ፊቴ ጋለ። በክፍሌ ልጆች ዘንድ ስሜ «ግመሏ» ነው፤ ግመል ግን በሕይወቴ አላየሁም። አሁን ደግሞ ጂን፣ ሼኽ፣ ከከፈን የምትነሣ ሙሽራ ልጨምርለት? «አንዳንዴ ያዞራታል ነው የምትለው» አልኩት።

«ይኼን ሁሉ አውርታ?»

«አማርኛ ረጅም ነው» አልኩት።

ውኃ በብዛት ጠጪ ብሎ ሸኛት። መንገድ ላይ አክስቴ፣ «ሁሉን ነገርሽው?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

ትንሽ ሄደች። «እንግዲያ የነሱ ቋንቋ አጭር ነው» አለች።

ይኼን እያሰብኩ ነበር ከዕቃ ማጠቢያው ፊት የቆምኩት። የሻርሆልመኗ ሴትዮ ለካ ልጃቸው ዘንድ ሊደውሉ ስልኩን ከቁም ሣጥን አውጥተው፣ ፎጣውን አጣጥፈው፣ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ትተውታል። ከኋላዬ ባዶውን ጮኸ።

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ እንደ ታሰረ ወፍ ተርገበገበ፤ የማጠቢያው ውኃ ድምፅ ሩቅ ሄደ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ። ብርጭቆው እጄ ውስጥ ነው፤ አልተሰበረም። እትዬ ያለምወርቅ በላዬ ጎንበስ ብለዋል።

«ምን ሆንሽ?»

«ውኃው አዳልጦኝ ነው።»

ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። ተነሥተው ስልኩን በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘይነባ ቤቱ ውስጥ ነበረች። የሆነ ሰው ከኋላዬ ሊጠራኝ አፉን የሚከፍት እየመሰለኝ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ስሄድ ዋልኩ። ለሐኪሙ ሳልነግረው የዋጥኩት ታሪክ አልጠፋም፤ ደረቴ ውስጥ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። አክስቴን ገድሎ ወደ እኔ ዞሯል።

*

በሦስተኛው ቀን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው ጋብ አለ። ለመዝጊያው ዱዓ የሚመጡት ገና መንገድ ላይ ናቸው። ጋሽ ሸረፈዲን ሶፋው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎታል፤ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው።

«ቀስቅሺው፣ ሰዎቹ ሊደርሱ ነው» አለችኝ እማዬ።

ሄጄ ተንበረከክሁ። የባዶ እግሩን አውራ ጣት ያዝኩና ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ሸረፈዲን ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ።

«ተነሣሁ፣ ጦይብዬ።»

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ፈገግታው ፊቱ ላይ መውጫ አጥቶ ትንሽ ቆየ። ጣቱን ልለቅ አልቻልኩም፤ እሱም እግሩን አልሳበም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ምን?»

ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ የተናገረችውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መዋጤን፣ ማፈሬን፣ አማርኛ ረጅም ነው ማለቴን። ሐኪሙ ቢሰማ ኖሮ ያድናት እንደነበር፣ በመላው ቬሊንግቢ ያንን ሊያደርስላት የሚችል ሰው እኔ ብቻ እንደነበርኩ፣ እኔ ደግሞ እንዳላደረስሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ እሱ ግን አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ከሶፋው ሥር ካልሲ ይፈልግ ጀመር።

«ያን ዕለት ማታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለ፣ እንደጎነበሰ። «‹ያቺ ልጅ ግማሹን ዋጠችው፤ አፍራ ነው፤ አትቆጣት። ሌላ ሰው ፈልግልኝ› አለችኝ።»

ጣቱን ለቀቅሁ።

«በሳምንቱ ቶልክ አዝዘን ሄድን። መንግሥት የሚልከው አስተርጓሚ፣ አንድ የአሥመራ ሽማግሌ። ከነድቤው፣ ከነከፈኑ አስተረጎመላት፤ ሐኪሙም ቀጥታ ሶልና፣ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። እዚያ ያለችው የልብ ሐኪም ወንበሯን ስባ ነው የሰማቻት። ‹እኒያ ሼኽ የት ነው የተማሩት?› ብላ ጠየቀችን። ድንገተኛ ድምፅ የሚቀሰቅሰው፣ በዘር የሚወርድ የልብ በሽታ ነው ብላ ክኒን ሰጠቻት። እስከዚያ ሰኞ ጠዋት ድረስ ውጣለች። አጀሏ ነው፣ የተቆረጠላት ቀን ነው፣ ሰአዳ። ያንቺ አፍ አይደለም።»

አምስት ወር። አምስት ወር ሙሉ አክስቴ እያወቀች ሻይ ቀድታልኛለች፣ ጠጉሬን ሠርታልኛለች፣ «ጎበዝ አስተርጓሚዬ» ብላኛለች።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ከኋላ ጠርታ ሰው አታስደነግጥም፤ ታውቂያት የለ?»

ካልሲውን አላገኘውም። ተወውና ቀና አለ። «ሐኪሟ የቤተሰቡ ሁሉ ልብ ይመርመር ብላለች። እናትሽ ነገ ከነገ ወዲያ ስትል ከረመች። ትናንት መውደቅሽን ያለምወርቅ ነግረውኛል። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነበር፤ ሐሙስ ሦስታችሁም፣ አንቺ፣ እናትሽና ወንድምሽ፣ ሶልና ትቀርባላችሁ።»

ዓይኔን በሻሼ ጠረግሁ። ትንሽ ነፍስ ዘራሁ መሰለኝ። «እሺ፣ ጋሼ። አሁን ግን አንዲት ቃል አልውጥም። ሐሙስ ሐኪሟ ፊት ለእማዬ ሁሉንም እኔው አስተረጉምላታለሁ፣ ከዘይነባ ጀምሬ።»

«ተዪው፤ አስተርጓሚ አዝዣለሁ» አለ ጋሽ ሸረፈዲን፣ በአንድ ካልሲ ወደ በሩ እየሄደ። «አንቺ ደረትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።»