አባዬ በጥርሱ የሰማው ጎማ

የሞተር ብስክሌቱን የፊት ጎማ ሁለት ጣውላ ላይ አጋድሜ፣ ቀለበት መሳዩን ያለቀ ኩሽኔታ ከታች ለማስወጣት የብረት ዘንጉን በመሀሉ ቀዳዳ ሰደድኩት። ምንም ሳይነካው ዘልቆ ገባ። እጄ ቀጥ አለ።

አባዬ የጋራዡ በር አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የሞተር ብስክሌቱ ሰነድ ታጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ሚዛን ይመጣል። ሚዛን አሮጌ ብረት ገዢ ነው፤ ብረት በዓይኑ ስለሚመዝን የወጣለት ስም ነው። አባዬ ሞተሩን ሊሰጠው ቃል ገብቷል።

"በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ኩሽኔታ ቀየርኩለት፤ ሦስቴም በላው" ነበር ያለው። "እሱም እንደኔ አረጀ።"

እኔ የለመንኩት ይህችን ጠዋት ብቻ ነው። ጎማው ጥርት ብሎ ከዞረ ሞተሩ ይቀራል፤ ካጉረመረመ ይሄዳል።

እኔ የቤንዚን ታንኩ ላይ፣ አባዬ መሀል፣ እማዬ ከኋላ ወገቡን ይዛ፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግኩት። ያኔ አባዬ ጎማ ሲፈትሽ የካቻቢቴውን ጫፍ ጎማው የሚዞርበት ፔርኖ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አንድ ቀን ለእኔም አስደመጠኝ። ደህናው ኩሽኔታ እንደ ሩቅ ወንዝ ነበር፤ ያለቀው ግን አሸዋ የሚያኝክ ይመስላል። "ሰው ይዋሻል፤ ኩሽኔታ አይዋሽም" ይለኝ ነበር። ጆሮው ከከዳው ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴውን ለማዳመጥ አንስቶት አያውቅም።

ዘንጉን መልሼ አወጣሁት። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሀል አጭር የብረት ቱቦ መኖር ነበረበት፤ ፔርኖው ሲጠብቅ እንዳይጨፈለቁ የሚያራርቃቸው። ዘንጉ ሁልጊዜ እሱ ላይ ተደናቅፎ ነው የሚገባው። አሁን የለም። ሞተሩ አላረጀም። አባዬ አንዴ ረስቶት፣ ሁለቴ ሳያስተውል አልፎታል። አርባ ዓመት የሰው ጎማ ላቀና ሰው ይህ እንዴት ይነገራል?

የመፍቻ ሳጥኑን፣ የብሎን ጣሳዎቹን፣ የሞርሳውን ሥር በረበርኩ። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ መስኮቱ ሥር የአባዬን የሥራ ሱሪ ትጥፋለች።

"እማዬ፣ ጣት የምታህል የብረት ቱቦ አላየሽም?"

"የምን ቱቦ?" አለች፣ ሰማያዊ ክሯን እየሳበች። ክሩ የተጠመጠመበትን ነገር ያየሁት ያኔ ነው።

"ይሄን ነው? አምና ስጠርግ ነው ያገኘሁት። ለክሬ ልኩ ነው።"

"ለጎማውም ልኩ ነው።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ታዲያ ያ ሁሉ ኩሽኔታ... እኔ ነኛ ሞተሩን የገደልኩት።"

"አንቺማ ወለል ነው የጠረግሽው።"

ክሩን ጉልበቷ ላይ ፈታሁላት።

ያለቁትን አውጥቼ የጎማውን እምብርት በላምባ አጠብኩ። አዲሶቹን ግራሶ አጎረስኳቸው። አንዱን ዙሪያውን በቀስታ እየመታሁ አስገብቼ ወደ ቱቦው ስዞር አባዬ ቀድሞ አንስቶታል። ጫፉ ላይ የቀረችውን የክር ብጣሽ በጥፍሩ አነሳና የለበሰው ሱሪ ጉልበት ላይ ካለው የእማዬ ስፌት ጋር አስተያያት።

"የት ነበር?"

ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋሁ። "እማዬ ጋ።"

ቱቦውን በጣቶቹ መሀል አገላበጠው። "ምስኪን ሞተር" አለ በመጨረሻ። "ያረጀው ሌላ፣ የሚሰደበው እሱ።"

ቱቦውን መዳፌ ላይ አኖረው። "ክተቺው።"

ጎማውን ገጥሜ ፔርኖውን አጠበቅኩ። አባዬ ካቻቢቴውን አነሳ። ወደ ጆሮው ሊወስደው መስሎኝ ነበር፤ እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። ጫፉን ፔርኖው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማውን አሽከረከርኩት። ረጅም ዞረ፣ ቀዘቀዘ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆመ።

"ወንዙ" አለ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ። "በጥርሴ መጣ።"

"ሦስት ጥርስ ይዞ ወንዝ ይሰማል" አለች እማዬ ከበሩ ጮክ ብላ።

"አንቺ ደግሞ በቱቦዬ ሱሪ ትሰፊያለሽ።"

ሚዛን ጋሪውን እየገፋ ሲደርስ ቱቦው ቦታው ገብቶ፣ ሞተሩ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ የታለ ሟቹ?" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አባዬ የሸሚዝ ኪሱን ቆለፈ። "ሟቹ ሐሳቡን ቀይሯል። እነዚያን የተበሉ ኩሽኔታዎች ውሰድ።"

"ለእፍኝ ብረት ነው ይሄን ዳገት ያስወጡኝ?"

"እሱም አይሞላልህ፤ አንዷን ለራሴ እፈልጋታለሁ።"

ያቺን አንዷን በጨርቅ ወለወላት። እማዬ ጉልበት ላይ የተፈታውን ሰማያዊ ክር ተቀብሎ ዙር በዙር ጠመጠመባት፣ ጫፉን ቋጠረ፣ በቱቦው ፋንታ እማዬ መርፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣትና ክዳኑን ገጠመ።