ለእንግዳ የተለቀለቀ ቤት

ከእበት ጋዝ ሠርቶ ወጥ ማብሰል እንደሚቻል እዚህ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ላይ መጀመሪያ ያመነው ዓለምነው ነው። ሌላው በዓይኑ አይቶ አመነ፤ አንዳንዱማ አይቶም አላመነ። ዓለምነው አዲስ አበባ ሠልጥኖ መጣና በእናቱ በእቴነሽ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ፣ የብረት ክዳን ደፋበት። ጠዋት ጠዋት እበት በውሃ በጥብጠው ያበሉታል፤ ጋዙ ሲጠራቀም ክዳኑ ከፍ ይላል፣ በጎማ ቱቦም ወደ ምድጃው ይሄዳል። ጭስ የለ፣ ዓይን ማሸት የለ።

ጓድ በላቸው የሚባሉ የጎንደር ሹም ይህን ሰሙ። "ምድጃው ጎብኚዎች ፊት ከነደደ እዚሁ ወርክሾፕ ይከፈታል፣ አንተም በቋሚነት ትቀጠራለህ" አሉት። ካልሆነ ዓለምነው ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ መውረዱ ነው፤ አባቱን ወባ ወዳስቀረችበት ቆላ። እቴነሽ ይህን እያሰበች እንቅልፍ አልነበራትም።

ጉብኝቱ ሲቃረብ ልጁ እንግዶቹን ይዞ ሊመጣ ጎንደር ሄዶ ሰነበተ። "ጉድጓዱን ማብላት እንዳትረሺ" ብሏታል። ግን ታላላቅ ሰዎች ሊመጡ፣ ቤቱ ተሰነጣጥቆ! እቴነሽ የሰሞኑን እበት በሙሉ ግድግዳና መደብ ለቀለቀችበት።

"ምነው፣ ጉድጓዱስ?" አለቻት ጎረቤቷ ታየች።

"ዓመት ሙሉ ሲበላ ከርሞ ትንሽ ቢጾም ምን ይሆናል?"

ይህም አልበቃት። ልጄ ባመጣው እሳት የተሠራ ነው ልትላቸው የእንግዶቹን ዶሮ ወጥ በቀረው ጋዝ በዚያው ምድጃ ሠራች። ወጡ ጣፋጭ ነበር፤ እኔም ቀምሻለሁ።

እንግዶቹ መጥተው ቤቱን አደነቁ። ዓለምነው ወደ ጓሮ ሲዞር ግን ክዳኑ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ክብሪት ጫረ፤ ደግሞ ጫረ። ምድጃው ዝም። አዲስ የተለቀለቀውን ግድግዳ አየና ገባው፤ እናቱም ፊቱን አይታ ገባት።

ምክንያቱን መናገር ይችል ነበር። "ሥራው አልተሳካልኝም፣ ጓድ" ብቻ አለ። እንግዶቹ ዶሮውን በልተው፣ እቴነሽን መርቀው ሄዱ። የወርክሾፑ ነገር በዚያው ቀረ።

ልጁ መተማ ሲወርድ እናቱ በየማለዳው ጉድጓዱን ታበላ ጀመር። ክዳኑም ብድግ አለ፣ ምድጃውም ነደደ። ዓለምነው ሲመጣ ነድዶ እንዲጠብቀው ነበር ሐሳቧ። አንጀቴን የሚበላኝ ይኸው ነው፤ ያን ሰሞን ያንን ብታደርግ ኖሮ ልጁ ዛሬ ፀዳ ነበር።

አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቹ የእሱን ጋቢ ይዘው ተመለሱ። ወባ ናት።

የለቅሶው ቀን ታየችና ሌሎቹ ሴቶች እበት ተሸክመው መጡ፤ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቤት ግድግዳ እንደገና ተሰነጣጥቆ ነበርና። እቴነሽ ከመደቡ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ቤቱን ተዉት" አለች። "እበቱን ለጉድጓዱ ስጡት።"