ተሟግቶ የተረታ ሰው አካሄድ

ዋጋሪ ደረሳ ከአውሮፓ ሕግ ተምሮ ይመጣል ሲባል ሙዚቃ ተምሮ መጣ። ይህን ወሬ ሰምቶ ራሱን ሳይዝ የሚቀመጥ አባት ነቀምቴ ላይ ካለ ኦቦ ደረሳ ብቻ ናቸው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ ጉቶ ጊዳ ላይ ቡና ያላቸው፣ ቁጣቸውን እንደ ጋቢ አጣጥፈው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። አልጮኹበትም። በአውራጃው ፍርድ ቤት የጸሐፊነት ቦታ አስጠበቁለትና፣ «ተማርኩ ያልከውን በጆሮዬ ልስማው፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ የምልህን ታደርጋለህ» አሉት። ዋጋሪም እሺ አለ። እሺ ባይል ምን ሊል ነው? የሰው ክስ ሲገለብጥ ማርጀቱን እያሰበ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

ለማሰማት ያዘጋጀው ቃል የሌለው፣ እስክስታ የማይወረድበት፣ ለሦስት መሣሪያ ብቻ የተደረሰ አዲስ ሙዚቃ ነበር። ቫዮሊኑን ራሱ ያዘ። ሃርሞኒየሙን የጸሎት ቤቱ ተጫዋች አዴ ድርቤ፣ ክላርኔቱን ደግሞ ከጦር ሠራዊት ሙዚቀኛነት ጡረታ የወጡት የሸዋው ሰው ጋሽ ገብረክርስቶስ ያዙ።

መከራው የጀመረው ከፍጥነቱ ነው። ጋሽ ገብረክርስቶስ አፋቸው የገባ ዜማ ሁሉ ሰልፍ ይሆናል፤ ለቅሶም ቢሰጧቸው ቦት ጫማ ያጠልቁለታል። አዴ ድርቤ ደግሞ ከኋላ ወንበር የሚጎተቱ ሽማግሌዎችን መጠበቅ ስለለመደች በየስንኙ መጨረሻ ቆም ትላለች። እሳቸው ይሮጣሉ፣ እሷ ትጠብቃለች፣ ዋጋሪ መሀል ቆሞ ያልበዋል። የጣልያንኛውን ስያሜ ቢነግራቸው ምን ሊገባቸው! በመጨረሻ፣ ወደ ጉቴ ገበያ የሚሄድ ሰው እርምጃ ነው አላቸው። ድርቤ ሲሄድ ነው ወይስ ሲመለስ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ገብረክርስቶስ በቅሎ እንዳለውና እንደሌለው ማወቅ ፈለጉ። በቅሎ አለው ሲባሉ ደግሞ ጭነቱ ምንድን ነው አሉ። የዚያን ቀን ልምምድ በጭነቱ ክርክር አለቀ።

በማግስቱ ዋጋሪ መረረው። ቅኝቱም ሐዘን ነው፣ ፍጥነቱም ሐዘን ነው፤ «ተሟግተው የተረቱ ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው» አላቸው። ከዚያ ሲጀምሩ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ተራመዱ።

የማን ነገር ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ኦቦ ደረሳ ከአጎታቸው ልጅ ጋር በድንበር ስንት ዘመን ተሟግተው መረታታቸውን ነቀምቴ ላይ የማያውቅ ማን አለ? ፍርዱ በተሰጠ ቀን ዋጋሪ ለዕረፍት ቤት ነበር። አባቱ በቅሏቸውን እየሳቡ፣ አንገታቸውን ደፍተው በበሩ ሲገቡ አይቷል። ሕግ ለመማር የሄደውም ለዚያ ለተደፋ አንገት ብሎ ነው። አልሆነለትም እንጂ። ለሁለቱ ተጫዋቾች የሽማግሌውን ነገር ለማንም አትንገሩ ማለት ግን ትዝ አላለውም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ኦቦ ደረሳ ከፊት ተቀመጡ፣ ዘመድ ከኋላቸው። እንግዲህ በጸሎት ቤቱ ልማድ ሃርሞኒየም የሚጫወት ሰው ከመዝሙሩ በፊት ተነሥቶ ቁጥሩንና አዘማመሩን ለጉባኤው ይናገራል። ቆሞ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው፣ በጭብጨባ ነው ብሎ። አዴ ድርቤ ልማዷ አይደል፣ ቀሚሷን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ቁጥር የለውም» አለች ጥርት ባለ ድምፅ። «ዜማው ቀስ ያለ ነው። ስሜቱ ተሟግተው የተረቱ ሽማግሌ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። ተቀምጠን እንስማ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ኦቦ ደረሳ ዞረ። ዋጋሪ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ጋሽ ገብረክርስቶስ ጀመሩ፤ ምን ያደርጋል፣ ተከተለ። ኦቦ ደረሳ በከዘራቸው ላይ አቀረቀሩ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ያዩ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ዋጋሪ አባቱን በአደባባይ እንዳስለቀሰ ገባው፤ ቫዮሊኑ በእጁ ከበደው። ሲጨርሱ አንድ ሰው ለምዶበት አሜን አለ። ኦቦ ደረሳ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ዋጋሪ እየሮጠ ከአዳራሹ ጀርባ ደረሰባቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ይስቃሉ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ማን ነው ያን ቀን አባትህ አዝኖ ነበር ያለህ?» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ።

«በቅሎዎ እያለች በእግርዎ መጡ። አንገትዎን ደፍተው ነው የገቡት፤ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እናትህ ጎረቤቱን ሰብስባ ስታስለቅስ እየሳቅሁ ልግባ?»

ከዚያ ነገሩት። ዳኛው ተረትተሃል ሲላቸው ከጫንቃቸው ላይ አንድ ነገር ወረደ። ቀጠሮ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ደጅ መጥናት የለ። እስከ ወንዙ ድረስ እየዘፈኑ መጡ፤ ከበቅሎዋ የወረዱት እግራቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። በር ላይ የተሰበሰበውን ለቀስተኛ ሲያዩ ግን አንገታቸውን ደፉ። ዘመድም ሲያጽናና፣ ልጅህ ሕግ ተምሮ መሬቱን ያስመልሰዋል አለ፤ እሳቸውም ለዘመድ አፍ ብለው እሺ አሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እሺ እንዳሉ ናቸው።

ዋጋሪ ተናደደም፣ ደስም አለው። «ስንት ዓመት እኮ ያንን አንገት ተሸክሜ ዞርኩ፣ አባ» አላቸው።

ሳቃቸው ቆመ። ትከሻውን ያዙት። «አውርደው» አሉት። «ፍርድ ቤቱንም ተወው። እኔ እየዘፈንኩ በወጣሁበት ደጅ አንተ እያለቀስክ አትገባም።»

ዋጋሪ ሊመልስላቸው ሲል ዘመድ ሁሉ ሊያጽናና ከአዳራሹ ጎርፎ መጣ። ኦቦ ደረሳ ወዲያው አንገታቸውን ደፉ። ዋጋሪም አባቱን አየና የራሱን ደፋ። ተደጋግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ሰዉ እያለቀሰ መንገድ ሲለቅላቸው አለፉ፤ የአባቱ ክንድ ግን ክንዱ ሥር በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።