የመስኮቱ ራጅ

ዶክተር ጥዑመልሳን በሰማንያ ሰባት ጋምቤላ ሲመደብ፣ እሱም እንደ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ባለሱቋ እትዬ ነሲባ ደም እየሸኑ ሲመጡ እንደ ሰው ሁሉ «ቢልሃርዚያ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጣቸው። ሁለቴ! በሦስተኛው ቱግ አሉ።

«ልጄ፣ ወላሂ አዞ ፈርቼ የባሮን ወንዝ በእግሬ እንኳ ነክቼው አላውቅም! ቢልሃርዚያው ነው ሱቅ ድረስ የመጣው?»

ደሙ ደግሞ አመለኛ ነው። ድንገት ይገነፍላል፣ ከዚያ ለሳምንት ቀጥ ይላል። ሆስፒታል አስተኟቸው።

በማግስቱ ዶክተሩ ሳሙና ሊገዛ ወደ እትዬ ነሲባ ባል ወደ ጋሽ ሸሪፍ ሱቅ ጎራ አለ። የተሰበረው የመስኮት መስታወት በራጅ ፊልም ተደፍኗል። የጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትመጣበት የወገብ አጥንት፣ ከጎኑም ሁለት ጫፉ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«የማን ነው?»

«የሷ ነዋ! አዲስ አበባ ማህፀኗ ሲወጣ የሽንት ቧንቧዋ ተጎዳ ብለው የከተቱላት ነው። በሦስት ወር ተመለሱ አሉን፤ መንግሥት ተቀየረ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አራት ዓመት ሆነው።»

ዶክተሩ ፊልሙን ነቅሎ ሮጠ። ጋሽ ሸሪፍ «ኧረ ዝናብ ይገባብኛል!» እያሉ ተከተሉት።

«አገኘሁት!» እያለ ኮሪደሩ ላይ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። የሽንት ፊኛ ውስጥ የሚያሳየውን አሮጌ መሣሪያ ከመጋዘን አስወጣ፣ ጓንት አጠለቀ። ጋሽ ሸሪፍም «ጎትተህ አውጣልኝ!» ይላሉ።

ነርሷ አኬሎ ግን ክንዱን ያዘችው። «ዶክተር፣ ሌሊት ደሙ ሲወርድ እጄ የደም ሥራቸው ላይ ነበር። ልባቸው በመታ ቁጥር ደሙም ይዘላል።»

ዶክተሩ ክው አለ። ቱቦው አራት ዓመት ሙሉ ከኋላው የሚያልፈውን ትልቅ የደም ሥር ሲፍቅ ኖሮ በስቶታል። ቀዳዳውን የደፈነውም ራሱ ቱቦው ነው። ቢጎትተው እትዬ ነሲባ በደቂቃ አለቁ!

አዲስ አበባ መድረስ አለባቸው። አውሮፕላኑ ግን በአዲሱ ምክር ቤት ተመራጮች ሞልቷል። ከመሃላቸው ወይዘሮ ኛቾል ብድግ አለች።

«ስብሰባ ነገም አለ። ሰው ነገ የለም። ሂዱ!»

ሁለት ባልደረቦቿንም በዓይኗ ብቻ አስነሳች። እትዬ ነሲባ፣ ጋሽ ሸሪፍና ዶክተሩ የነሱን ወንበር ይዘው በረሩ።

አዲስ አበባ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የደም ሥሩን ከላይ በመቆንጠጫ ያዘ፣ ከዚያ ቱቦውን ሳበ። ተይዞም እንኳ ደሙ እስከ መብራቱ ተፈናጠረ። ቀዳዳውን ዘጋ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ደም በሌላ ሥር አዞረ።

«እዚያ አትንኩት ያለው ማነው? ይሳምልኝ!» አለ።

«ሲስተር አኬሎ» አለ ዶክተር ጥዑመልሳን።

ውጭ ጋሽ ሸሪፍ ቆመዋል። «ተርፈዋል!» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ዘለሉ። ከዚያ ቆም አሉና፦

«ቱቦውስ?»

«ተጎትቶ ወጣ።»

«ተጎትቶ? አይ አንተ ልጅ! እሱንማ አንተም እዚያው ጋምቤላ ትጎትተው ነበር!»

«አዎ፣ ልጎትተው ነበር» አለ ዶክተሩ፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ እየሳቀ አለቀሰ።