ጋሼ ጥጋቡ የደበቁት ቅጠል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባላል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ አፌን ከከፈትኩ ስድብ ነው የሚወጣኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባሌ ደመቀ በርበሬ በረንዳ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ እኔም እዚያው በርበሬ እቸረችራለሁ። አንድ ቀን ቆርቆሮ እግሩን ቆረጠው። ጭረት ናት ብለን ናቅናት። ቁስሉ መገለ፣ እግሩ አበጠ፣ ፔኒሲሊን ቢወጋም ወይ ፍንክች! ሐኪሙ «እስከ ሰኞ ካልተሻለው ይቆረጣል» አለን። ተሸካሚ ያለ እግር ምን ሊሆን ነው?

መሳለሚያ ጋሼ ጥጋቡ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ አሉ። የደቀቀ ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቁስሉ ላይ ብነሰንስበት መግሉ ቀነሰ። ጎረቤታችን ሙሉብርሃን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው፤ የቀረችውን ቁንጣሪ ወሰዳት። ከደመቀ መግል ጀርም በሰሃን አሳድጎ፣ ቅጠሉን ዘፍዝፎ ጠብ ቢያደርግበት፣ ጠብታው ያረፈበት ዙሪያ ጀርሙ ድራሹ ጠፋ። እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ውባንቺ፣ ይሄ ነገር ይሠራል! የቅጠሉን ስም ካገኘሁ አጥልዬ፣ መጠኑን ለክቼ አዘጋጀዋለሁ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ይዤው ጋሼ ጥጋቡ ዘንድ ሄድኩ። «ስሙ ከተጠራ ይረክሳል» አሉ። «ለገዛ ልጄም የምነግረው ስሞት ነው።» እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ወይ እሳቸው! በመጨረሻ «በቃ፣ ይሄን ውሰጂ» ብለው ሌላ ጥቅል ሰጡኝ። ግማሹን ለሙሉብርሃን ሰጥቼ ግማሹን ለደመቀ አደረግሁለት።

እግሩ ይብስ ጠቆረ፣ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጣ። ሙሉብርሃን ሰሃኑን ይዞ መጣ፤ ጀርሙ ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል። «ይሄ ያኛው አይደለም» አለኝ።

እንደ እብድ ሆኜ ጋሼ ጥጋቡ ቤት ገባሁ። «ምንድን ነው የሰጡኝ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ሐኪሞቹ እንዳይለዩት ሌላ ሌላ ቅጠል አበዛሁበት። መድኃኒተኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ለደመቀ የፊተኛው ያለሽ መስሎኝ…»

«ጠይቀውኝ ነበር?»



ሰኞ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ጋሼ ጥጋቡ ሊጠይቁት መጡ። ላባርራቸው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸውና ቻልኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ስሙን ነገሩኝ። እንዳሁላ! በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። አጥራችን ሥር ሞልቶ ዶሮ ይተኛበታል።

«ምን አሉሽ?» አለኝ ደመቀ።

ምን ልበለው? ያን እንዳሁላ የተከለው ራሱ ነው፤ በሁለት እግሩ ቆሞ።