ኮት አይቆጠርም

በክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ግንበኛውን ተመራጭ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ድልድዩ» ነው የሚሉት። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ድልድይ ብቻ የሚያወራ ሰው ስሙን ማን ያስታውስለታል? እሱም አይከፋውም። ታላቅ ወንድሙን የሞላ ወንዝ ወስዶበታል። መንደሩ ሲመርጠው ድልድይ አሠራልን ከማለት በቀር ሌላ ምንም አልጠየቀውም።

ዛሬ የምክር ቤቱ ዘመን የመጨረሻ ቀን ነው። ድልድዩ ዘጠነኛው አጀንዳ ነው። ዛሬ ካልጸደቀ አለቀለት፤ አዲሶቹ ተመራጮች ወንዙ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ጠዋቱ እንዳለ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማረም አለቀ። አንዱ «አሳሰበ» የሚለው «አጥብቆ አሳሰበ» ካልተባለልኝ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሁሉንም ሲያመሰግን ዋለ። ግንበኛው ወረቀቱን ያገላብጣል። ሰዉ ደግሞ አንድ በአንድ እየሳሳ ነው። የዚህ ቤት ሰው ሹልክ ሲል ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው፤ ከመድረኩ ለሚያይ ቤቱ ሙሉ ይመስላል።

ግንበኛው ይህን ነገር አምርሮ ይጠላዋል። አምና ተነስቶ፣ «ሕግ የሚያወጣው ሰው ነው ወይስ ጨርቅ?» ብሎ ቤቱን አስቆ፣ በዚያው ሳቅ መሃል አንድ ደንብ አስጸደቀ። ምልዓተ ጉባኤ ሲቆጠር በር ይዘጋል፤ ኮት አይቆጠርም። በአምስት ዓመት ውስጥ ያስጸደቀው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ስምንተኛው አጀንዳ ሊያልቅ ሲል ሰዉን በዓይኑ ቆጠረ። ሃምሳ አንድ። ከመቶ አንድ አባላት ይህ ከግማሽ በላይ ነውና ለጥቂትም ቢሆን ይበቃል። ልቡ መለስ አለለት። መንደሩ ከጠዋት ጀምሮ የወንድሙ ሚስት ግቢ ተሰብስቦ ስልኩን ይጠብቃል፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። ሁለት ደቂቃ ብትፈጅ ነው ብሎ ኮቱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ሲቆጥር ራሱን ጨምሮ ነበር፤ ሲወጣ ግን ይህ ትዝ አላለውም።

«እትዬ፣ ደረሰልን» አላት። «ቀጥሎ የኛ ነው። ስልኩን አልዘጋውም፤ ኪሴ ውስጥ ደብቄው እገባለሁ። መዶሻ ሲመታ ከሰማችሁ ጸደቀ ማለት ነው።»

«ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ» አለች። «ሰዉ ሁሉ ይሰማሃል።»

የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ ዞር ሲል በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ፊቱ ቆሟል።

«ክፈትልኝ እንጂ።»

«አልችልም ጋሼ፣ ቆጠራ ላይ ናቸው። አንዱ አባል መንገደኛ ነኝ፣ ስብሰባው ይብቃን ብሎ ምልዓተ ጉባኤ ይጣራልኝ አለ።»

«እኔ እኮ አልሄድኩም። ኮቴ ወንበሬ ላይ ነው።»

ጥበቃው አንገቱን ደፋ። «ደንቡ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

በበሩ መስታወት በኩል ጸሐፊዋ በእርሳስ እየጠቆመች በረድፎቹ መሃል ስታልፍ ያያታል። የሱ ወንበር ጋ ስትደርስ ኮቱን አየችና አለፈች። ስልኩን የሸፈነበትን መዳፉን አንስቶ መስታወቱን መታ፤ ዞር ያለ የለም። አፈ ጉባኤው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ከኮሪደሩ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሃምሳ» ብሎ አነበበ። ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ስብሰባው እዚህ ላይ ያበቃል አለ። ከዚያ መዶሻውን መታ።

የመዶሻው ድምፅ በሩን አልፎ ኮሪደሩ ድረስ መጣ። ስልኩ ውስጥ ወዲያው ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

«ሰማነው!» አለች የወንድሙ ሚስት። እያለቀሰች ነው። «ወንድምህ ይህን ቢያይ ምን ነበረበት።»

በሩ ተከፈተ። አባላቱ እየተጨባበጡ ሲወጡ አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ድልድዩ፣ በሰላም ግባ» አለው።

«እትዬ» አለ ግንበኛው። ጭብጨባው እስኪያበቃ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆመ።